ሦስተኛዋ ኖዝል

እኔና ዘርጋው በሽርክና፣ ከተቋራጭ ጨረታ
ያወጣናት የናፍጣ ፒካፕ፣ ስትነሳ የምታጓራ፣ ስትቆም የምትንገላታ፤
ኋላዋ ላይ ጋንቾ በየድን፣ ሰንሰለት ጠቀለልን፣
ለገሃር፣ አንበሳው ሐውልት ጥግ፣ የተበላሸ መኪና ስንጠብቅ ዋልን።

ሐምሌ ጠዋት እንደ አዛውንት ናት፤ ቶሎ አትነሳም፣
ካንዴሌታዋን ሳታሞቅላት ብትለምናት አትሰማም።
ቁልፉን ግማሽ አዙረህ፣ ያቺ ብጫ መብራት እስክትጠፋ
ትጠብቃለህ፤ ዘርጋው ከጎንህ ሰዓቱን እያየ፣ አፍንጫውን እየነፋ።
ከዚያ ሳል። ከዚያ ጭስ። ከዚያ ሌላ ሳል።
አላፊ ታክሲ «እሳት አደጋ ጥሩ!» ብሎን ያልፋል።

«ቤንዚን ቢሆን» ይላል ዘርጋው፣ «ቁልፍ ነክተህ ብን ነው፣
ካንዴላ ቀይረህ፣ ዘይት ደፍተህ፣ ሌላ ወጪ ምን አለው?
ድምፁ እንኳ ሹክሹክታ ነው፣ ደንበኛ አያሸማቅቅ።»
«ሹክሹክታ ሎንችና ይጎትታል? እስቲ ልጠይቅ።»
«ፖምፓዋ ሲታመም የቤት ኪራይ ነው የምትበላው፣
ፊልትሮዋ ውሃ ሲቋጥር ነፍሷን ከመንገድ ነው የምንለቅመው!»

እውነቱን ነው።
እኔም ግን የማውቀው አለኝ፦ ናፍጣ ሳይጮህ፣ ሳይቸኩል፣
ከሥር ነው የሚነሳ ጉልበቱ፣ የሰው ሸክም ሲያደላድል፤
ቤንዚን ጉልበት ለማግኘት መጮህ አለበት፣
የነዳጁ መርፌ ሲወርድ ታያለህ፣ ዳገቱ ሳያልቅ፣ በዓይንህ ፊት።

ባለፈው ዓመት ድርሻውን ሸጠልኝ፣ በውል፣ በሁለት ምስክር፤
ሰላምታችንም አብሮ ሄደ፣ ውሉ ላይ ሳይሰፍር።
ነጭ የቤንዚን ፒካፕ ገዛ፣ ጎማዋ ገና ፀጉሩ ያልረገፈ፤
በአጠገቤ ሲያልፍ አይሰማም፤ መብራት ብልጭ አድርጎ አለፈ።

ነሐሴ። ማታ ሦስት ሰዓት። ዝናቡ ቸርችልን ወንዝ አድርጎታል።
ስልኬ ጮኸ። ስሙን ሳላጠፋው ኖሬ ነው፤ «ዘርጋው» ይላል።
«ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት ነኝ» አለ። ሌላ አልጨመረም።
እኔም «ምን ሆንክ?» አላልኩም።

ከፖስታ ቤት በላይ፣ ዳቦ የጫነ ሎንችና ከኋላዋ አስሮ
ነጯን አቁሟታል፣ ፍሪሲዮኗ አርሮ፤
በዚያ ዝናብ ውስጥ እንኳ እንደ ተቃጠለ ቀንድ ይሸታል፤
ወይዘሮ አሰገደች በላስቲክ ተከናንባ፦ «ዳቦዬ ረጠበ፤ ማን ይከፍለኛል?»

ሁለት ጉዞ ነው ያደረግኩት፤ መጀመሪያ ዳቦውን፣
ቀጥሎ ዘርጋውን።
በአንደኛ ማርሽ፣ በቀስታ፣ ሰንሰለቱ እስኪወጠር፣
ከዚያ ጥርሷን ነክሳ፣ አስፋልቱን በጎማዋ ስትቆፍር፣
ቴዎድሮስ አደባባይን ዞርን፣ መድፉን በጎን ትተን፣
ማዘጋጃ በራፍ ደረስን፣ ጭሳችንን ለዝናቡ ሰጥተን።
በስፖኪዮ አየዋለሁ፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጓል በዚያ ውርጅብኝ።
ምን ፈልጎ ነው? አልኩ፤ ሊሰድበኝ ነው ወይስ ሊያመሰግነኝ?

ወርዶ መጣ። ስለ ዳገት፣ ስለ ጉልበት የምለውን
ዓመት ሙሉ ስዬ አስቀምጬ ነበር፤ ከፈትኩ አፌን።

«ሦስተኛዋ ኖዝል» አለ፣ «ትንጠባጠባለች።
የኔ ሞተር ጠፍቶ አይደል፣ ከኋላ ሆኜ ሰማኋት፤ በአራት ምት አንዴ ታነክሳለች።
ቶሎ ካላስወለቅካት ፒስተኑን ትበሳዋለች።»

ሁለት ወር ነው ካወቅኩት። ገንዘብ እስኪገኝ ብዬ፣
ሬዲዮ ከፍ አድርጌ ነው የምነዳት፣ ራሴን በራሴ አታልዬ።

ኮፈኗን ከፈተ። በስልኩ መብራት ጎንበስ አለ፤
አንደኛዋን ቱቦ ነካ፣ ሁለተኛዋን፤ ሦስተኛዋ ላይ ጣቱን ተከለ።
«ሶማሌ ተራ፣ ሸምሱ ጋ ሂድ። አዲስ ነው ቢልህ አትመን፤
የታጠበ ነው የሚያወጣልህ፣ እየማለ በአላህና በልጆቹ ስም።»
«ፍሪሲዮንህስ?»
ዝም።

የመጎተቻውን ጠየቀ። አልመለስኩም። ወይዘሮ አሰገደች
ከላስቲኩ ሥር ሁለት ዳቦ፣ ጠርዙ የራሰ፣ አወጣች፤
ኮፈኑን ጣራ አድርገን ቆምን። ሞተሯን አላጠፋሁም፤
በዚህ ብርድ ከጠፋች መልሳ እሺ አትልም።
ዘርጋው ዳቦውን እያኘከ በጣቱ ይቆጥራል፦
አንድ፣
ሁለት፣

አራት።